ሐኪም ቤት በቻይንኛ ምን ይባላል

ታናሿ ልጄ ለትምህርት ቻይና የሄደች ጊዜ ዘመድ ጎረቤቱ ሁሉ የሚጠይቃት ስለ ብርዱና ስለ ምግቡ ነበር። እኔ የጠየቅኳት ሌላ ነው።

ገና እንደደረሰች ሰሞን አንድ ቀን በስልኳ እየቀረጸች ሰፈሩን ታሳየኝ ነበር። "ይኼ ምግብ ቤት ነው፣ እማ። ይኼ ሱቅ ነው። ይኼ ደግሞ አውቶቡስ የምንጠብቅበት ነው" ትለኛለች። መንገዱ ንጹሕ ነው፤ ሰዉ ሁሉ የቸኮለ ይመስላል። በየበሩ ላይ ጽሑፍ አለ፤ እኔ ግን ከዚያ ሁሉ ጽሑፍ አንድ እንኳን የማውቀው የለም።

"ሐኪም ቤቱስ የት ነው?" አልኳት።

"ምን ሊሠራልሽ?"

"አሳዪኝ።"

"እማ ደግሞ! ገና ሳልታመም? ሟርት እኮ ነው!"

"ሟርት አይደለም። ሰው አገር የሄደ ሰው ከሁሉ በፊት ማወቅ ያለበት ሐኪም ቤቱን ነው። ምን ብለው ነው የሚጠሩት?"

እየሳቀች "ዪዩዌን" አለችኝ። እኔም ደገምኩት። "ዪ የምትለውን ከፍ አድርገሽ ያዢው፣ ዩዌን ላይ ስትደርሺ ጣል አድርጊው" ብላ ብዙ ጊዜ አስደጋገመችኝ። በማግስቱ የሐኪም ቤቱን በር ፎቶ አንስታ ላከችልኝ። ከበሩ በላይ በቀይ ሁለት ፊደል ተጽፏል። እኔ የተማርኩት እስከ አምስተኛ ክፍል ነው፤ ፊደል የምይዘው ከማውቀው ነገር ጋር እያመሳሰልኩ ነው። የመጀመሪያው በሦስት ጎን የታጠረ፣ በቀኝ በኩል ክፍት የሆነ በረት ይመስላል። በበረቱ ውስጥ እጁን ዘርግቶ፣ እግሩን አንፈራጦ የቆመ ሰው አለ። ሁለተኛው ግን ብዙ መስመር ተጠላልፎበት አልያዝ አለኝ። አንዱ ይበቃኛል ብዬ ተውኩት።

አምቦ ገበያ ላይ ሽንኩርትና ጥቅል ጎመን እሸጣለሁ። መንገድ ከሚሠሩት ቻይናዎች አንዱ ለሠራተኞቻቸው ወጥ ቤት የሚሆን አትክልት ሊገዛ ይመጣ ነበር። "ስንት?" እና "ውድ ነው" ማለት ይችላል፤ ከዚያ ያለፈ አማርኛ የለውም። አንድ ቀን ጎመኑን እያገላበጠ ሳለ፣ ልጄ ያስተማረችኝ ቃል ትክክል ይሁን አይሁን ልይ ብዬ፣ "ዪዩዌን" አልኩት።

ሰውዬው ጎመኑን አስቀመጠ። ፊቴን ትክ ብሎ አየ። ጭንቅላቱን ይዞ አሳየኝ፤ አይደለም ብዬ ራሴን ነቀነቅኩ። ሆዱን ይዞ አሳየኝ። ቀጥሎ ወደ መኪናው እየጠቆመ ተነሺ ሊለኝ ጀመረ።

አጠገቤ ቲማቲም የምትሸጠው ጓደኛዬ ሳቋን መያዝ አቃታት። "ሂጂ እንጂ! ምን ትጠብቂያለሽ? መኪናው እንደሆነ ኤሲ አለው!"

"ዝም በይ፣ አንቺ።"

"ሌላው ሰው 'እንደምን አደርክ' ማለት ይማራል፣ እሷ ሐኪም ቤት! ለመሆኑ ሬሳ ሣጥን ምን እንደሚባል አልጠየቅሻትም?"

"ዛሬ በአፍሽ አትጫወቺብኝ አልኩሽ!"

ሰውዬው ደህና መሆኔን ካረጋገጠ በኋላ እሱም ሳቀ። በሌላ ቀን ሲመጣ ግን አንዲት ትንሽ ብልቃጥ የሚቀባ ዘይት አመጣልኝ፤ ሽታው አፍንጫ ይከፍታል። እኔም ነጭ ሽንኩርት መረቅኩለት። ጓደኛዬ ወሬውን ለገበያው ሁሉ አዳረሰችው። እኔ ምንም አልመሰለኝም፤ ቃሉ እንደሚሠራ አውቄአለሁ። የሆነ ቀን ልጄ ብትታመምና አንድ ቻይና ስልክ ቢያነሳ፣ ቢያንስ አንድ ነገር መጠየቅ እችላለሁ እያልኩ እጽናና ነበር።

ዓመት ያህል አለፈ። ልጄ በየሳምንቱ ትደውላለች፤ ስትደውል ደግሞ ስልኩን ይዛ ቁጭ አትልም። ክፍሏን፣ መስኮቱን፣ የምትበላውን ሁሉ ታሳየኛለች። አንድ ሳምንት ግን ሳትደውል ቀረች። "ፈተና ነው እማ፣ አታስቢ" የሚል አጭር መልእክት ብቻ ላከች። አታስቢ የተባለ ሰው ደግሞ ከዚያ ሌላ ሥራ የለውም።

አርብ ቀን ቀትር ላይ፣ ገበያ እንደተቀመጥኩ ደወለች። ስልኩን ፊቷ ላይ ለጥፋዋለች፤ ከግንባሯና ከአፏ በቀር የሚታይ የለም። ከንፈሯ ደርቋል።

"ምነው እንዲህ ከሳሽ?"

"ፈተና ነው እማ። እንቅልፍ አጣሁ፣ ሌላ ምንም የለም።"

"በልተሻል?"

"በልቻለሁ።"

"ምን በላሽ?"

መልስ ከመስጠቷ በፊት ፊቷ ጭምድድ አለ። ስልኩ ከእጇ ሸርተት ብሎ ወደቀ። ወዲያው አነሳችው፤ ነገር ግን ስልኩ ወድቆ ሳለ የብርድ ልብሱ ጠርዝ ታየኝ። ነጭ ነው። ጫፉ ላይ በቀይ ተጽፎበታል። ከጽሑፉ መሐል በረቱ አለ፤ በረቱ ውስጥ ሰውየው ቆሟል።

ስልኩን ወደ ዓይኔ አስጠጋሁት።

"ሩዝ" አለች ልጄ። "ሩዝ በላሁ እማ።"

ለምን ወዲያው አልጠየቅኳትም? እስከ ዛሬ ሰው ይጠይቀኛል። ብጠይቃት ሌላ ውሸት እንድትፈጥር ማስገደድ ነው፤ የታመመ ሰው ደግሞ ለመዋሸት ጉልበት ማባከን የለበትም። ደግሞም መልሱን ፈርቻለሁ። ያየሁት ለቅጽበት ነው፤ ተሳስቼም ይሆናል። "በርቺ ልጄ፣ ጌታ ይርዳሽ" ብቻ አልኳት።

"ደህና ናት?" አለችኝ ባለ ቲማቲሟ።

"ደህና ናት። ፈተና ነው አለች።"

ለባሌ አልነገርኩትም። ደም ግፊት አለበት፤ አንዲት ክፉ ወሬ አልጋ ላይ ታውለዋለች። ባኮ ላይ መምህርት ለሆነችው ለታላቋ ልጄ ደወልኩ።

"እህትሽ ደውላልሽ ነበር?"

"አዎ እማዬ፣ ደህና ናት። ፈተና ነው። እንቅልፍ አጣሁ፣ ሌላ ምንም የለም አለችኝ።"

ይህንንም ሳልጠይቃት ነው የተናገረችው። የሁለቱ ቃል ደግሞ ልክ አንድ ነው፤ "ሌላ ምንም የለም" የምትለዋ ሳትቀር። ሁለት ሰው እንዲህ አንድ ቃል የሚናገረው ተማክሮ ሲሆን ነው። ስለዚህ ታላቋ ታውቃለች፤ የምታውቀውም ለእኔ የማይነገር ነው። ለእናት የማይነገር ምን ዓይነት በሽታ ነው? በሽታ ብቻ ነው? ያየኋት እኔ አርብ ቀትር ላይ ነው፤ ከዚያ በኋላስ?

በስልክ ብጠይቃት እንደማታወጣው አውቃለሁ። ፊቷን ማየት አለብኝ።

ለባሌ "ባኮ በቆሎ ረክሷል አሉ፣ ሄጄ ልይ" አልኩት።

"የቅዳሜ ገበያ ትተሽ?"

"ቅዳሜ ሁልጊዜ አለ።"

እንዳላስነሳው ብዬ መብራት ሳላበራ ለባበስኩና ጎሕ ሲቀድ መናኸሪያ ደረስኩ። ረዳቱ "ጌዶ፣ ባኮ፣ ነቀምት!" ይጣራል። እንዳየኝ ከፊት ወንበር አንድ ጎረምሳ አስነስቶ አስቀመጠኝ። ጎረምሳውም አላጉረመረመም። ከጎኔ የተቀመጡት ሴት ከእኔ ብዙ ባይበልጡም እናቴ እንደሆኑ ሁሉ እጄን ይዘው፣ አንድ ቃል ሳይናገሩ ጉደርን አለፍን። የዛሬ ሰው ምን ነካው፣ እንዲህ ደግ ሆኗል እያልኩ አሰብኩ እንጂ ከዚያ በላይ አልመረመርኩም።

ኬላ ላይ አስወርደው ፈተሹን። መታወቂያዬን ያየው ወታደር "ወዴት ነው የሚሄዱት እናቴ?" አለኝ። "ልጄ ጋ" አልኩት። ልጄ ጋ ስል ድምፄ ተሰበረ። መታወቂያዬን በሁለት እጁ መለሰልኝ።

ጌዶ ላይ ብርዱ በመስኮቱ ገባ። እኔ ያን ጊዜ የማስበው ስለ እናቴ ነበር። እናቴ ጊንጪ ላይ ያረፈች ጊዜ ታናሿ ልጄ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ላይ ነበረች። ፈተናዋ ይበላሻል ብለን፣ ቤተ ዘመዱ ሁሉ ተማክሮ፣ አልነገርናትም። እኔ ቀብር ውዬ እመጣና ፊቴን ታጥቤ ራቷን አቀርብላታለሁ። "አያቴ እንዴት ናት?" ስትለኝ "ትንሽ አሟታል" እላለሁ። ፈተናውን በጨረሰች ማግስት ሽማግሌዎች በማለዳ መጥተው አረዷት። እኛ አገር እንዲህ ነው፤ ክፉ ወሬ ጊዜ ተጠብቆለት፣ ሰው ተሰብስቦለት ይነገራል። እና አሁን ለእኔ እየተሰበሰቡ ቢሆንስ? ታላቋ ልጄ እስከ ነገ እሑድ ጠዋት ሰው እያሰባሰበች ቢሆንስ?

ከጌዶ ቁልቁል ስንወርድ ሙቀቱ መጣ፣ የባኮ በቆሎ ግራና ቀኝ ታየ። በዚያ መንገድ ስሄድ በቆሎውን ሳላይ ያለፍኩት ያን ቀን ብቻ ነው።

የታላቋ ልጄ ቤት ከመንገዱ ብዙ አይርቅም። ግቢው ክፍት ነው። እሷ ሳፋ ፊት ተቀምጣ ልብስ ታጥባለች። ቀና ስትል አየችኝ። ሳፋው ተገለበጠ።

"ዱቴ?" ብላ ጮኸች። "ሀርሜ ኮ! ዱቴ? ዱቴ?"

እናቴ፣ ሞተች ወይ ማለቷ ነው። አማርኛዋ ሁሉ ጠፍቶባት በልጅነቷ ቋንቋ፣ በኦሮምኛ ነው የጮኸችው። እኔ ደግሞ "ሞተች" የሚለውን ብቻ ሰማሁ። እበሩ ላይ ዘፍ አልኩ። "ልጄን! ልጄን!" እላለሁ። እሷም መጥታ ላዬ ላይ ወደቀች። ደረታችንን እየደቃን ተላቀስን።

ጎረቤት ከየቤቱ እየሮጠ መጣ። ሴቶቹ ከነሊጣቸው፣ አንዱ ሽማግሌ በአንድ እግሩ ብቻ ጫማ አድርጎ። ማን ሞተ ብሎ የጠየቀ የለም፤ መጀመሪያ ያለቅሳል፣ ኋላ ይጠይቃል። ሽማግሌው ወዲያው ወንዶቹን አግዳሚ ወንበር እንዲያመጡ ላካቸው።

"መቼ ነው?" አለችኝ ልጄ እየተንሰቀሰቀች። "ማን ነገረሽ?"

"እኔማ ማን ይነግረኛል! አንቺው ነሽ እንጂ የምትነግሪኝ!"

"እኔ ምን ብዬ?"

"ሞተች አልሽ!"

"ሞተች ወይ ብዬ ጠየቅኩሽ እንጂ! ነጠላሽን እንዲህ አድርገሽ፣ ሳትደውዪ፣ በቅዳሜ ገበያ ቀን ስትመጪ ምን ልበል?"

ነጠላዬን አየሁ። በጨለማ ስለብስ ተገልብጦብኝ ጥለቱ ከታች መሆኑ ቀርቶ አንገቴ ላይ ወጥቷል። እንዲህ የሚለብስ ሐዘን የመታው ሰው ነው። ረዳቱ፣ ጎረምሳው፣ እጄን የያዙት ሴት፣ ወታደሩ፣ ሁሉም ለቅሶ የምሄድ መስሏቸው ነው።

"እና ደህና ናት?" አልኩ።

ታላቋ ዓይኗን በእርጥብ እጇ ጠረገች። ለቅሶው ቆመ።

"ትርፍ አንጀቷ ፈንድቶ ነው" አለች ቀስ ብላ። "ቀዶ ጥገና አድርገውላታል። ቁስሉ መርዟል፣ ትኩሳቱ እምቢ ብሏል። እስከ ዛሬ ካልወረደ እንደገና እንከፍታታለን ብለዋል። ጠዋት ደወልኩ፣ አላነሳችም። ሦስቴ ደወልኩ። ስልኩን ትቼ ልብስ ማጠብ የጀመርኩት እጄ ሥራ እንዲይዝ ብዬ ነው፤ ቀና ስል አንቺ መጣሽ።"

"አሁን ደውዪ።"

ደወለች። ጎረቤቱ ሁሉ ቆሞ ይጠብቃል። ኔትወርኩ አይይዝም አለች። ወደ አጥሩ ጥግ ሄደች። ያዘ። ጠራ፣ ጠራ፣ ጠራና ቆመ። ወንዶቹ አግዳሚውን ይዘው መጥተው በሩ ላይ ቆመዋል፤ ያስገቡት ይመልሱት አላወቁም። ማንም ግቡ አላላቸውም፣ ማንም ሂዱ አላላቸውም።

"እንደገና" አልኩ።

ሲጠራ ቆየና ተነሳ። የታየው ግን የታናሿ ፊት አይደለም። አፏን የሸፈነች፣ ሰማያዊ ኮፍያ ያደረገች ሴት ናት። የማይገባን ነገር ትናገራለች። ከአልጋው ስልኩን ሌላ ሰው ሲያነሳ፣ ያ ምን ማለት እንደሆነ ከዚያ ግቢ ውስጥ የማያውቅ አልነበረም። አንዷ ሴት ከኋላዬ "ኧረ ጌታዬ" አለች።

ስልኩን ከታላቋ እጅ ቀማሁ። "ዪዩዌን?" አልኩ።

ሴትዮዋ ንግግሯን አቆመች። ራሷን ነቀነቀች። እኔን አየች፣ ከኋላዬ የተሰበሰበውን ሰው አየች። ሌላ ቃል የለኝም። ጣቴን ደረቴ ላይ አድርጌ "እማ" አልኩ። ይኼኛው ቻይንኛ ይሁን አማርኛ አላወቅሁም፤ እሷ ግን ገባት። ስልኩን አዞረችው።

ልጄ ተኝታለች። አፏ ትንሽ ተከፍቷል፤ እጇ ላይ ግሉኮስ ተሰክቷል። ነጩ ብርድ ልብስ ደረቷ ላይ ይነሳል፣ ይወርዳል። እኔ የማየው ያንን ብቻ ነው። ከተነሣ በኋላ እስኪወርድ፣ ከወረደ በኋላ እስኪነሣ እጠብቃለሁ።

"ትተነፍሳለች" አልኩ።

"ትተነፍሳለች!" ብሎ ሽማግሌው ለግቢው ሁሉ ተናገረ።

ነርሷ ትከሻዋን ነካ ስታደርጋት ዓይኗን ገለጠች። እኔንና እህቷን አንድ ላይ ስታይ ደነገጠች። ከኋላችን አግዳሚ የተሸከሙትን ወንዶች ስታይ ደግሞ ልትነሳ ሞከረች።

"ምን ሆናችሁ? አባዬ ነው? አባዬ ምን ሆነ?"

"አባትሽ ደህና ነው! ተኚ! እኛ የምናለቅሰው አንቺን ነው።"

"እኔን?"

"አዎ፣ አንቺን! አንቺ ውሸታም!"

እህቷን ተቆጥታ አየቻት። "ነገርሻት?"

"እሷ አልነገረችኝም። ብርድ ልብስሽ ነው የነገረኝ። ተጽፎበታል።"

ብርድ ልብሱን ቀና አድርጋ አየችው፤ ፈገግ ለማለት ሞክራ ሆዷን ያዘች። "አታስቂኝ እማ፣ ስፌቱ ያመኛል።"

"ለምን ደበቅሽኝ?"

"እናንተ አያቴን አልደበቃችሁኝም?" አለች። ቁጣ የለባትም። "አምቦ ሆነሽ ምን ታደርጊልኛለሽ? ዝም ብለሽ ከምትጨነቂ ብዬ ነው።"

"እኔ ዝም ብዬ ስጨነቅ ነው የኖርኩት። ያው ለምጄዋለሁ፣ ለምን ታስቀሪብኛለሽ?"

ነርሷ አልጋው አጠገብ ቆማ የምንባባለውን ትጠብቃለች። ሽማግሌው ጎረቤት ከትከሻዬ በላይ አንገቱን አስግጎ "አካም ጂርታ፣ ነጋ ዳ?" ብሎ በኦሮምኛ ሰላም አላት፤ ስለ ቤተሰቧም፣ ስለ ከብቱም፣ ስለ አዝመራውም በደንብ ጠየቃት። እሷም አንገቷን ሰበር አድርጋ በራሷ ቋንቋ መለሰችለት። ታናሿ "ቆይታ ትለካኛለች" አለች። "ትኩሳቱን። ዶክተሩ የዛሬውን አይቶ ነው የሚወስነው። ትናንት ሠላሳ ዘጠኝ ነበር። ከሠላሳ ስምንት በታች ከወረደ አይከፍቱኝም።"

"ስልኩን ከአንድ ነገር ጋር አስደግፊውና ተኚ" አልኳት። "አታጥፊው።"

"ካርድ ይበላባችኋል።"

"ይብላ።"

ታላቋ ካርድ ልታመጣ ሮጠች። ወንዶቹ አግዳሚውን አስገብተው ጥላው ውስጥ ዘረጉት። ለለቅሶ የመጣ ሰው ሳይቀመጥ አይሄድም። ሞት ባይኖርም፣ ቁርጡ ያልታወቀ ነገር ገና አለ። አንዲት ሴት የተገለበጠውን ልብስ ከጭቃው አንስታ እንደገና ታጥበዋለች። ሽማግሌው ጸለየ፤ ጸሎቱ ረጅም ነበር። እኔ ዓይኔን አልጨፈንኩም። ጌታ እንደማይቀየመኝ አውቃለሁ። ልጄ በእንቅልፍ ልቧ ባጉረመረመች ቁጥር ስልኩን ወደ ጆሮዬ አስጠጋዋለሁ።

ነርሷ ከብዙ ጊዜ በኋላ ተመለሰች። አንድ ትንሽ ነገር ብብቷ ስር ሻጠችባትና ጠበቀች። እኛም ጠበቅን። ካወጣችው በኋላ አየችው፤ ፊቷ ተሸፍኖ ስለነበር የሚነበብ ነገር የለበትም። ከዚያ ዶክተሩን ለመጥራት ትወጣለች ብዬ ስፈራ፣ ወደ ስልኩ መጥታ የያዘችውን ወደ እኔ ዘረጋች። ቁጥር እኔም አነባለሁ። ሠላሳ ሰባት ይላል፤ ነጥብ፣ ስምንት።

ስልኩን ለታላቋ ሰጠኋት። "ምን ይላል?" አልኳት።

"ሠላሳ ሰባት ነጥብ ስምንት።"

ያየሁት ያንኑ ነው። "ደግመሽ አንብቢው" አልኳት።